ለመኪናዋ የቋጠርኩት ስንቅ

ባለቤቴ ያቺን መኪና ይዞ የመጣ ቀን እንጅባራ ላይ ካፊያ ነበር። ክላክስ ሰምቼ ከሱቄ ብቅ ብል፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት ነገር ደጃችን ቆማ ታጓራለች። ታጓራለች ያልኩት ለማሳመር አይደለም፣ ወላሂ ታጓራ ነበር። እሱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ይስቃል። ዳንግላ ላይ የጨርቅ ሱቅ ያለው፣ ጢሙ የሸበተ፣ አላፊ አግዳሚው "አንቱ" የሚለው ሰውዬ እንደ ጎረምሳ ጥርሱን ያሳየኛል።

"ምንድን ናት?" አልኩት።

"መኪና ናታ!"

"መኪናነቷንማ አየሁ። ልጆቹ የት ሊቀመጡ ነው?"

"ልጆቹ መች አሉ? አድገው ሄዱ እኮ!"

እውነቱን ነው፤ ሁለቱም ልጆቻችን ባህር ዳር ይማራሉ፣ ቤት ውስጥ የቀረነው እሱና እኔ ነን። ከወጣትነቱ ጀምሮ ፈጣን መኪና ባለፈች ቁጥር አንገቱ የሚዞር ሰው ነው። ይህቺን ደግሞ ባህር ዳር አንድ ሰው ሊሸጣት መሆኑን ሰምቶ እኔን ሳያማክር አመጣት። "ሰው ጸጉሩ ሲሸብት መስጊድ ያበዛል፣ አንተ ፍጥነት ልታበዛ ነው" ብዬው ገባሁ። ያን ቀን ሻይ እንኳን አላፈላሁለትም።

በየቀኑ ጠዋት ከእንጅባራ ተነስቶ በአዲስ ቅዳም በኩል ዳንግላ ይሄዳል፣ ማታ ይመለሳል። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ጨርቅ መርጦ ሊያስጭን ባህር ዳር ይዘልቃል። ድሮ በሚኒባስ ነበር የሚመላለሰው። ያኔም እጨነቅ ነበር፣ አልዋሽም፤ ሰው ከቤት ሲወጣ ልቤ አብሮት የሚወጣ ሴት ነኝ። ግን በሚኒባስ ሲሆን ሹፌሩን መራገም ይቻላል። አሁን ሹፌሩ ራሱ ሆነ፣ ማንን ልርገም? መንገዱም ጥሩ አስፋልት ነው፣ ክፋቱ እሱ ነው፤ ጉድጓድ ቢኖረው ኖሮ ሰውዬው በግዱ ቀስ ይል ነበር። የእኛ አገር ጉም ሲወርድ ደግሞ አፍንጫህ ሥር የቆመ በሬ አይታይም። ከብቱ ከግጦሽ ሲመለስ አስፋልቱን እንደ በረቱ ነው የሚያየው። ዳንግላ መግቢያ ላይ ጋሪው ሰውና ጆንያ ጭኖ፣ ያለ መብራት፣ መሀል መንገድ ይዞ ይመጣል። ይሄን ሁሉ ቁጭ ብዬ አስበዋለሁ፤ ብርድ ልብስ እየሸጥኩ አስበዋለሁ።

መኪናዋን ባመጣ በሳምንቱ ግቢ ውስጥ ኮፈኗን ከፍቶ ጠራኝ።

"ነይ እዪ። ይቺ ዘይት ትበላለች።"

"ምን ትበላለች?"

"የሞተር ዘይት። ሲረግጧት ትበላለች፣ ቀስ ብለው ሲነዷት ብዙም አትነካው። ቱርቦ የሚባል ጉልበት መጨመሪያ ያላት ናት፣ ጠባይዋ ነው።"

ስለ ልጁ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ከሞተሩ ውስጥ ቀጭን ዘንግ መዞ በጨርቅ ጠረገው፣ መልሶ ከተተው፣ እንደገና መዘዘው። ጫፉ ላይ ሁለት ምልክት አለው። ዘይቱ ላይኛው ምልክት ጋ ከሆነ ሙሉ ነው፣ ወደ ታችኛው ሲጠጋ መጨመር ነው። የሚለካውም ጠዋት ነው፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ሜዳ ላይ ቆማ። "ከታችኛው በታች ከወረደ አለቀ! ሞተሩ ይነክሳል። እየበረርሽ ሳለሽ ቀጥ!" አለና እጁን አጨበጨበ። ሊያስፈራራኝ አልነበረም፣ ደስ ብሎት ነው የሚያስተምረኝ። እኔ ግን ሌላውን ሁሉ ትቼ "እየበረርሽ" ያላት ውስጤ ቀረች።

ዘይቷን ሲቀይርላት ብታዩ! ሌላው ባለመኪና የሚቀይርበት ኪሎሜትር ግማሽ ሳይደርስ ይቀይራል፣ ፊልትሮውንም አብሮ። ዘይቱን ከማንም ሱቅ አይገዛም፣ ባህር ዳር ሄዶ መርጦ ነው የሚያመጣው። ጣሳውን አገላብጦ ጽሑፉን ያነባል። "ለእኔ የጸጉር ቅባት ስትገዛ እንዲህ መርጠህ አታውቅም" ስለው "አንቺ ያለ ቅባትም ታምሪያለሽ" ብሎ ያመልጣል። ማታ ደግሞ ግቢ ገብቶ ቶሎ አያጠፋትም። እኔ በር ከፍቼ፣ ብርዱ አጥንቴ ድረስ እየገባ ቆሜ፣ እሱ ሞተሩን እንዳስነሳ መሪ ይዞ ይቀመጣል። ሮጣ ስትመጣ ቱርቦዋ ይግላል፣ ሳይበርድ ከጠፋች ይጎዳል አለኝ። "ትንፋሿን ትሰብስብ" ይላል። የእኔን ትንፋሽ የሚጠይቅ የለም።

ክረምቱ ሲገባ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት ደንበኛዬ ብርድ ልብስ እየመረጠች "ከአዲስ ቅዳም ወዲያ አንዲት ትንሽ መኪና ተገልብጣለች አሉ፣ ሹፌሩም አልተረፈም" አለች። እንዲሁ፣ እንደ ማንኛውም ወሬ። ቀለሟን ጠየቅኳት፣ አላየኋትም አለችኝ። ደወልኩለት፤ ኔትወርክ የለም። ደግሜ ደወልኩ፤ የለም። ሴትዮዋን ከነብርድ ልብሷ ሱቁ ውስጥ ጥያት ወጣሁ። አስፋልቱ ዳር ቆሜ ከዳንግላ በኩል የሚመጣውን ሚኒባስ ሁሉ እያስቆምኩ ጠየቅኩ። ሹፌሮቹ ተሳፋሪ መስዬያቸው ይቆማሉ፣ ነገሬን ሲሰሙ ተበሳጭተው ይሄዳሉ። አንዱ ብቻ አዘነልኝና "ነጭ ናት እናቴ፣ ነጭ ናት" አለኝ። ነጭ ሲለኝ ደስ አለኝ። በሰው ሞት ደስ አለኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ባለቤቴ ለመግሪብ ትንሽ ሲቀረው እያፏጨ መጣ።

"እንዴት ነው የምትነዳው አንተ ሰው?" ብዬ ያዝኩት።

"ኧረ ቀስ ብዬ ነው።"

"እስቲ ወላሂ በል!"

"ቀስ ብዬ ነው አልኩሽ እኮ። አታድርቂኛ!"

አልማለም። ባለቤቴ በሐሰት የሚምል ሰው አይደለም፣ እሱን አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ያልማለው። እውነቱን ማን ይነግረኛል እያልኩ ስብሰለሰል ያ ዘንግ ትዝ አለኝ። ሲረግጧት ትበላለች፣ ቀስ ብለው ሲነዷት አትነካውም፤ ራሱ ነው ያስተማረኝ። ሰው ይዋሻል፣ ዘይት ግን ወዴት ይደበቃል?

በማግስቱ ለሱብሂ ሶላት መስጊድ ሲሄድ ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አነሳሁ። ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ዘንጉን መዘዝኩ፣ ጠረግኩ፣ ከተትኩ፣ መዘዝኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ ይሄው ሆነ። ጉም በወረደ ሰሞን ዘይቱ ብዙም አይቀንስም፤ "ጎሽ!" እላለሁ ለብቻዬ። መንገዱ ደረቅ ከሆነ ግን ይቀንሳል። ባህር ዳር ደርሶ በመጣ ማግስትማ ታችኛውን ምልክት ሊነካ ምንም አይቀረው። ዘንጉን ይዤ ቆሜ የታጠፈባቸውን ኩርባዎች፣ ለጥቂት የሳታቸውን ከብቶች በዓይኔ አያቸዋለሁ። ከዚያ ከበሩ ኋላ ካስቀመጠው ጣሳ እጨምርላታለሁ፣ ሞተሯ መንገድ ላይ ነክሶ እንዳይገድልብኝ። ለእሱ ትንፍሽ አላልኩም። ካወቀ ቁልፉን ይደብቃል፣ እኔ ደግሞ ከዘይቱ ሌላ ምስክር የለኝም።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ስልኩ ነው።

"የት ደረስክ?"

"ሱቅ ልዘጋ ነው።"

"ቶሎ ና።"

ትንሽ ቆይቼ እንደገና እደውላለሁ።

"የት ደረስክ?"

"አሁን ተነሳሁ።"

"ቶሎ ና በቃ! ግን ቀስ ብለህ።"

"ቶሎ ነው ቀስ? አንዱን ምረጪልኝ!" ይልና ይስቃል። እኔ ንድድ ይለኛል። ኔትወርክ ከጠፋ ደግሞ ሱቁ ይጠበኛል፣ እወጣለሁ፣ እገባለሁ። ጎረቤቴ ጫማ የምትሸጥ ክርስቲያን ሴት ናት፤ ሳቋ የማያልቅ። "ምነው እህቴ፣ ስልኩን ልትበይው ነው?" ትለኛለች። ባልሽ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ስለሚውል ነው የምትስቂው እላታለሁ። "እሱም ሌላ ጭንቀት ነው" ትለኛለች።

አንድ ማታ እራት ላይ ባለቤቴ የሻርፔን ጫፍ ያዝ አድርጎ "ይሄ ምንድን ነው?" አለኝ። ጥቁር የዘይት ነጠብጣብ ነው።

"የስፌት መኪናውን ዘይት ሳጠጣ ነክቶኝ ነው" አልኩ።

አየኝ። እኔም ዓይኔን ሳልሰብር አየሁት። "እህ" አለና እንጀራውን ጠቀለለ።

ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ዘይቱ መቀነስ አቆመ። መጀመሪያ አላመንኩም፣ ዘንጉን ደጋግሜ ከተትኩት። ባህር ዳር ደርሶ በመጣ ማግስት ብለካው ላይኛው ምልክት ላይ ነው! ንቅንቅ አላለም። እዚያው ኮፈኑ ሥር ቆሜ አለቀስኩ። "አልሀምዱሊላህ፣ ሰማኝ" አልኩ። ዳቦ ጋግሬ ለመስጊዱ በር ድሆች ሰደቃ አወጣሁ። ለጎረቤቴም ነገርኳት።

"ባሌ ልብ ገዛ።"

"ኧረ ባክሽ! ከየት ሱቅ? ለእኔም ባል ይገዛልኝ!"

እርግጥ ማታ ማታ ግቢ ገብቶ መሪ ይዞ መቀመጡን አልተወም፤ እንዲያውም ይቆያል። ቀስ ብላ የመጣች መኪና ምን ትንፋሽ ትሰበስባለች? ይሄን ለመጠየቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም ነበር። ግን ሰው ደስ የሚለውን ነው የሚያምነው፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ስልኩን ብቻ አልተውኩም፤ ልማድ ሆኖብኝ "ቶሎ ና" እንዳልኩ ነበርኩ።

ከዚያ የእህቴ ልጅ ኒካህ ባህር ዳር ተቆረጠ። አብረን ልንሄድ ነው፣ በዚያችው መኪና። ያን ያህል መንገድ ተቀምጬባት አላውቅም። እጄን ሂና ተቀብቼ፣ አዲስ ልብሴን ለብሼ፣ እሱ ከሱብሂ ሳይመለስ ኮፈኑን ከፈትኩ። አልለካሁም። ጎህ በቅጡ አልቀደደም፣ ደግሞ ስንት ሳምንት ሙሉ የሆነ ነገር ምን ይለካል? ግን ባዶ እጄን መልሼ መዝጋቱ አልሆነልኝም። እናቴ ቤት መንገደኛ ሲሸኝ ስንቅ ይቋጠራል፤ ጠግቤያለሁ ቢል፣ ይከብደኛል ቢል፣ አይሰማም፣ ይቋጠርለታል። ስንቅ በዝቶበት መንገድ የቀረ ሰው እኛ አገር ተሰምቶ አይታወቅም። ዘይቱም ሲያንስ እንጂ ሲበዛ ምን እንደሚያደርግ የነገረኝ አልነበረም። ጣሳው ውስጥ የቀረውን በሙሉ ገለበጥኩላት። "ይሄ ለመንገድሽ" አልኳት፣ እውነቴን ነው፣ አፍ አውጥቼ።

ተነሳን። አነዳዱን ብታዩ እንቁላል የጫነ ነው የሚመስለው! ሚኒባሱ ያልፈናል፣ ባጃጁ ሳይቀር ያልፈናል። እኔ ወንበሬ ላይ ደገፍ ብዬ "እንዲህ ነው እንግዲህ የሚነዳው፣ በከንቱ ነው ያማሁት" እላለሁ በሆዴ። ለአዲስ ቅዳም ትንሽ ሲቀረን ዳገቱ ላይ ከበድ አድርጎ ረገጣት። ከመንገዱ ዳር ሰዎች እጃቸውን እያወዛወዙ መጮህ ጀመሩ። ሰላምታ መስሎኝ እኔም እጄን አነሳሁ። ከዚያ ዞር ብዬ በኋላው መስታወት ሳይ አገሩ የለም። መንገዱ፣ ዛፉ፣ ከኋላችን የነበረው ጋሪ፣ ሁሉንም ሰማያዊ ጭስ ውጦታል።

"እሳት!" ብዬ ጮህኩ። "ተቃጠልን! አቁም!"

ከሰል በጆንያ የሚሸጥበት ቦታ ጋ አቆመ። እኔ ወርጄ፣ በእሱ በኩል ዞሬ፣ በኮቱ ኮሌታ ይዤ እጎትተዋለሁ። "ውጣ! ውጣልኝ!" ይሄው፣ የፈራሁት ደረሰ፣ ዓይኔ እያየ ሊቃጠልብኝ ነው አልኩ። እሱ "ቆይ እንጂ፣ እሳት አይደለም፣ ልብሴን ቀደድሽው!" ይላል። ከሰል ሻጮቹ ከበቡን። አንዲት ጠና ያለች ሴት ጭሱን በነጠላዋ እያባረረች "ጌታው፣ እኛ ከሰል ስናከስል እንኳን እንዲህ አናጨስም" አለችው፤ ሁሉም ሳቁ።

ኮፈኑን ከፈተና ዘንጉን መዘዘ። ዘይቱ ላይኛውን ምልክት አልፎ ወደ ዘንጉ ወገብ ወጥቷል።

"ሱብሃነላህ! ይሄ ዘይት ወለደ እንዴ? እኔ ትናንት ማታ ትንሽ ነው የጨመር..." አለና አፉን ያዘ።

"ምን አልክ?"

"ምንም።"

"ምን አልክ? የት ነው የጨመርከው?"

"ዳንግላ፣ ሱቅ።"

"ሁልጊዜ?"

ዘንጉን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። ያ ሁሉ ሳምንት፣ ያ ያለቀስኩበት ጠዋት፣ ያ ሰደቃ። ሻርፔ ላይ ያለውን ነጠብጣብ ያየ ጊዜ ነቅቶብኛል፤ ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ከዳንግላ ሳይነሳ የበላችውን እየተካ ነው የሚያመጣልኝ። ትናንት ደግሞ መንገዱ ረጅም ነው፣ ሚስቴም አብራኝ ናት ብሎ አብዝቷል። በላዩ የእኔ ስንቅ ተጨመረበት።

"እኔም ጠዋት ጨምሬያለሁ" አልኩ። "ጣሳው ውስጥ የቀረውን በሙሉ።"

አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ፣ ቁልፍ ይዞ ከሥሯ ገባ። ያቺ ሴትዮ ግማሹ የተቆረጠ ጀሪካን ሰጠችው፤ ትርፉ ዘይት መፍሰስ ጀመረ። እኔ በሂና እጄ፣ በኒካህ ልብሴ፣ የከሰል ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ከእሱ የሚታየኝ ሁለት እግሩ ብቻ ነው። ለእግሮቹ ነው የተናገርኩት።

"ለምን አታለልከኝ?"

"እንዳትጨነቂ ነዋ" አለ ከሥር።

"እንዳልጨነቅ ከሆነ ለምን ትበራለህ? ምን ጎደለህ? ሞት ናፈቀህ?"

ቁልፉን ከሥር ያንኳኳል።

"አንተን ነው! ምን ያስቸኩልሃል?"

"መግሪብ ሳይደርስ ልግባ ብዬ ነው።"

"ማን ግባ አለህ?"

"አንቺ!" አለ ጮክ ብሎ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። "መጀመሪያ ፍጥነቱ ደስ ስለሚለኝ ነበር፣ አልዋሽሽም። አሁን ግን አንቺ ነሽ። 'ቶሎ ና' ስትይኝ ድምፅሽ ይንቀጠቀጣል። ያን ድምፅ ከሰማሁ በኋላ እግሬን ራሴ አላዘውም። በዚያ ብርድ በር ላይ ቆመሽ ትታይኛለሽ።"

እኔ ነኝ እንዴ ታዲያ የምገድለው? በየማታው ስልክ አንስቼ፣ በገዛ አፌ? ፊቴን በሻርፔ ሸፈንኩ። ሴትዮዋ አጠገቤ ቁጭ አለችና "ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ስትተሳሰቡ ልትጨራረሱ ነው" አለች። ይሄን ጊዜ የሳቀ ሰው የለም።

"ስማኝ" አልኩት ለእግሮቹ። "ማምሸትህን እችለዋለሁ። የማልችለው መቅረትህን ነው።"

ዘይቱ ጀሪካኑ ውስጥ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ቆይቶ ወጣ፤ ግንባሩ ጠቁሯል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ዘይት ገብቶብኝ ነው አለ። እኔም ዘይት ነው አልኩለት። ከኒካሁ ዘግይተን፣ ጭስ ጭስ እየሸተትን ደረስን፤ እህቴ እስከ ዛሬ ወቀሳዋን አልተወችንም።

ስንመለስ ተስማማን። እሱ ቀስ ብሎ ሊመጣ፣ እኔ ላልደውል። የመጀመሪያው ቀን ማክሰኞ ነበር። ስልኬን ለጎረቤቴ ሰጥቼ "ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ" አልኳት። ለመንኳት፤ አልሰጠችኝም። መግሪብ ደረሰ፤ እሱ የለም። ሰገድኩ፤ ስንት ረከዓ እንደሰገድኩ አላውቅም፣ መድገም ነበረብኝ። ጨለመ። ጎረቤቶቼ ሱቃቸውን ዘጉ። አስፋልቱ ጋ ልውጣ አልኩና በሩን ይዤ ቀረሁ። የቤቴን ለቅሶ፣ የእሱን እናት፣ ልጆቹን ምን ብዬ እንደምጠራቸው፣ ሁሉንም አሰብኩት። በመጨረሻ ደፉ ላይ ተቀመጥኩ።

የመኪናዋ መብራት ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ተነሳሁና ልብሴን አራገፍኩ። ወርዶ በጨለማው ፊቴን ሊያይ ጎንበስ አለ።

"አመሸሁብሽ?" አለኝ።

"ኧረ ገና ነው" አልኩት።